የተቆረጠው ህዋ
ስለ አራት የቆዩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችና ስለ ቆረጣቸው መቀስ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነህ ከስልሳ ዓመት በፊት በካርቶን የተሠራ መንኮራኩር ምን ያደርግልሃል?» የሚል ጥያቄ በየመኝታ ክፍሉ ይሰማል። ጠያቂዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ቁም ነገረኛ ነው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ የሕፃናት መጫወቻ፣ ቢበዛ ደግሞ የጎልማሳ ማደንዘዣ ነው ብሎ ገና ርእሱን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛው ወገን ሳቂ ነው፤ የቆየ ፊልም ሲያገኝ ሰው ሰብስቦ የሚያየው መንኮራኩሩን ያንጠለጠለው ክር ሲታይ፣ ዓለቱ ሲወዛወዝ፣ ሮቦቱ እንደ ባዶ ጀሪካን ሲንኳኳ ለመንከትከት ነው። ቁም ነገረኛው ፊልሙን አያየውም። ሳቂው ያየዋል፤ ግን አያዳምጠውም። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር ለመከራከር የተጻፈ ነው።

ለክርክሩ የምጠራቸው ምስክሮች አራት ፊልሞች ናቸው፤ «ሰማይ ይጠራል» (ኪየቭ፣ 1959)፣ «ዝምተኛው ኮከብ» (ምሥራቅ ጀርመንና ፖላንድ፣ 1960)፣ «የማዕበል ፕላኔት» (ሌኒንግራድ፣ 1962) እና «ኢካሪ ኤክስ ቢ 1» (ፕራግ፣ 1963)። ዓመታቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አራቱም በሶሻሊስቱ ጎራ ተሠሩ። አራቱም በአሜሪካ ነጋዴዎች ተገዙ፤ ተቆረጡ፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ ተተካላቸው፤ ስማቸው ተለወጠ። ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የሚያውቃቸው በተቆረጠው መልካቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ዋናዎቹ ቅጂዎች ተመልሰው እየታዩ ነው። ታዲያ እኔ የምለው ይህ ነው፤ የተቆረጠውን ከቀረው አጠገብ አስቀምጠን ብናይ፣ መቀሱ ራሱ እንደ ሐያሲ ይናገራል። ምን እንደወደደ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳስፈራው ይነግረናል።

፩. መጥፋት ሁለት ዓይነት ነው

ስለ ቆዩ የሳይንስ ልብ ወለድ ሥራዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመጀመሪያው ዓይነት መጥፋት ነው፤ ዕቃው ራሱ የሚጠፋበት። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1953 «የኳተርማስ ሙከራ» የተባለውን ባለ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ተቀድተው የቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። የቀሩት አራቱ እንደ ተነገረ ቃል አየር ላይ ቀሩ። በ1963 የተጀመረው «ዶክተር ሁ» የተባለው ተከታታይ ድራማም ዕጣው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የምስል መቅጃ ቴፕ ውድ ስለነበረ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል፤ የፊልም ቅጂውም ቦታ አጣበበ ተብሎ ይጣላል። ብዙ ክፍሎች እንዲህ ጠፉ። በ2013 ግን ጠፍተው ከነበሩት ዘጠኙ ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ በተባለች ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መገኘታቸው ተሰማ። ለንደን የጣለችውን አንድ አፍሪካዊ መደርደሪያ አስቀምጦ ቆየ ማለት ነው። «አፍሪካ መዝገብ አያውቅም» የሚሉን ሰዎች ይህን ነገር ልብ ቢሉት ደግ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መጥፋት ግን የከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጠፋ ተብሎ አይፈለግም። ፊልሙ አለ፤ በቴሌቪዥን በሌሊት ይታያል፤ በካሴት ይሸጣል። ግን ሌላ ስም ይዞ፣ በሌላ አፍ እየተናገረ ነው። የጠፋ ሰው ይፈለጋል። ስሙን ለውጠው በሌላ ቤት ያሳደጉትን ልጅ ግን ማን ብሎ ይፈልገዋል? አራቱ ፊልሞቻችን የዚህ ዓይነት ናቸው።

፪. ገዢው ምን ፈለገ?

ነገሩን በሤራ ብቻ መተርጎም አይገባም። ስፑትኒክ በ1957 ከመጠቀች በኋላ የህዋ ፊልም በየአገሩ ተፈላጊ ሆነ። በምሥራቁ ጎራ የፊልም ስቱዲዮዎቹ የመንግሥት ናቸው፤ ለመንኮራኩር ሞዴል፣ ለፕላኔት ገጽ ሥዕል፣ ለጠፈር ልብስ ገንዘብና ጊዜ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ደግሞ እንደ ሮጀር ኮርማን ያሉ ባለ አነስተኛ በጀት ፕሮዲውሰሮች ነበሩ። እነሱ ገንዘብ የላቸውም፤ ዓይን ግን አላቸው። የሩሲያው መንኮራኩር ከራሳቸው መንኮራኩር እንደሚበልጥ አዩ። ሠርቶ ከማሳየት ይልቅ ገዝቶ መቁረጥ ረከሰ። በቃ፣ የነገሩ መነሻ ይኸው ነው።

ስለዚህ መቀሱ ምስሉን አልነካም ማለት ይቻላል። የተገዛው ምስሉ ነዋ! የነካው ንግግሩን፣ ስሙን፣ ማን ከየት እንደመጣና ለምን እንደሄደ የሚናገረውን ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን በቀላሉ ያየዋል። በኛ ባህል ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ይቀራል። እነዚህ ነጋዴዎች ግን ሰሙን በጥንቃቄ አስቀምጠው ወርቁን ደፉት።

፫. ማርስን የተወ መንኮራኩር

«ሰማይ ይጠራል»ን ያዘጋጁት ሚኻይል ካርዩኮቭና አሌክሳንደር ኮዚር ናቸው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የሶቪየትና አንድ የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ማርስ ሊጓዙ ይዘጋጃሉ። አሜሪካኖቹ ለመቅደም ሲሉ ሳይዘጋጁ ይነሳሉ፤ መንገድ ላይ አደጋ ይደርስባቸዋል። ሶቪየቶቹ ያቀዱትን የማርስ ጉዞ ትተው ሊያድኗቸው ይሄዳሉ፤ በዚህም ምክንያት ነዳጃቸው አልቆ ራሳቸውም አንዲት ትንሽ የህዋ ዓለት ላይ ይቀራሉ። ጋጋሪን ወደ ህዋ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ፊልም ነው። ፕሮፓጋንዳ አይደለም እንዴ? ነው እንጂ! የኛ ሰዎች ደጎች፣ የነሱ ሰዎች ችኩሎች እያለ ነው። ሆኖም የሚያወድሰው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ጀግንነቱ ማርስ መድረስ አይደለም፤ ማርስን መተው ነው። ተቀናቃኝን ለማዳን ሲባል ግብን መጣል።

ኮርማን ይህን ፊልም ገዝቶ በዚያን ጊዜ ገና የፊልም ተማሪ ለነበረው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ሰጠው፤ አዎ፣ ኋላ «ዘ ጎድፋዘር»ን ለሠራው። በ1962 «ከፀሐይ ወዲያ የተደረገ ጦርነት» በሚል ስም ወጣ። ሶቪየትና አሜሪካ ቀርተው ዓለም «ሰሜን» እና «ደቡብ» በሚባሉ ሁለት ምናባዊ መንግሥታት ተከፈለች። ከዚያ በላይ የገበያው ፍላጎት ነበረና፣ ቅርጻቸውን ለጨዋነት ስል የማልገልጸው ሁለት ጭራቆች ህዋ ላይ ሲፋለሙ የሚታይበት ትርዒት ተጨመረ። አዲሱ ርእስ ጦርነት ይላል፤ በዋናው ፊልም ውስጥ ግን ጦርነት የሚባል ነገር የለም! መቀሱ ፊልሙን ከምን እንዳዳነው እንጠይቅ። ከመተባበር አዳነው። በ1962 የአሜሪካ ተመልካች ፊት ሩሲያዊ አሜሪካዊውን ሲያድን ማሳየት ከሁለት ጭራቆች ይልቅ የማይታመን ነበረ።

፬. አጥቢያ ኮከብና ጥላዎቿ

«ዝምተኛው ኮከብ» የኩርት ሜትሲግ ሥራ ነው። መነሻው ፖላንዳዊው ስታኒስዋቭ ሌም በ1951 ያሳተመው «ጠፈርተኞቹ» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ሌም ራሱ ፊልሙን አልወደደውም፤ ይህ ግን ደራሲና ፊልም ሠሪ የሚጣሉበት የተለመደ ጠብ ስለሆነ እንለፈው።

በጎቢ በረሃ ቁፋሮ ሲካሄድ እንግዳ ነገር ይገኛል፤ በ1908 ሳይቤሪያ ላይ ከደረሰው የቱንጉስካ ፍንዳታ ጋርም ግንኙነት እንዳለው ይታወቃል። መልእክቱ የመጣው ከቬነስ ነው፤ የኛ ገበሬ አጥቢያ ኮከብ ከሚላት። ሊጠይቋት የሚሄዱት ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ሶቪየቱ አርሴንዬቭ፣ አሜሪካዊው ሃውሊንግ፣ ጀርመናዊው ብሪንክማን፣ ፖላንዳዊው ሶልቲክ፣ ህንዳዊው ሲካርና፣ ቻይናዊው ቼን ዩ፣ ጃፓናዊቷ ሐኪም ሱሚኮ እና አፍሪካዊው ታሉዋ። በጉዞ ላይ ሳሉ መልእክቱ ሲፈታ ሰላምታ ሆኖ አልተገኘም። የቬነስ ሰዎች ምድርን በጨረር አጥፍተው ሊወርሷት ያወጡት ዕቅድ ነው። ደርሰው ሲያዩ ግን የሚዋጋቸው የለም። ቬነሶች በገዛ መሣሪያቸው ጠፍተዋል። የቀረው ያለ ጌታ የሚሠራው መሣሪያ፣ ሰው እያሳደደ ቁልቁለትና ዳገት የማይለየው ጥቁር ዝቃጭ፣ እና ግድግዳ ላይ ተቃጥሎ የታተመ የሰዎች ጥላ ነው።

ያ ጥላ ከየት እንደመጣ በ1960 ተመልካች ለነበረ ሁሉ ግልጽ ነው። ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ፣ በፍንዳታው ቅጽበት የሰዎች ጥላ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ነበር። ሜትሲግ ይህን ለተመልካች ግምት አልተወውም። ከስምንቱ አንዷ ጃፓናዊት ናት፤ ዮኮ ታኒ የምትጫወታት ሱሚኮ። ለሌሎቹ ታሪክ የሆነው ሂሮሺማ ለእሷ የግል ሐዘን ነው። ስለዚህ ግድግዳው ፊት ስትቆም የምታየው ቬነስን አይደለም፤ ቤቷን ነው። ይህ የፊልሙ ልብ ነው። ህዋን ያህል መንገድ ተጉዘን የምናገኘው የራሳችንን ወንጀል ነው ይላል፤ ልዩነቱ ቬነሶች እስከ መጨረሻው መሄዳቸው ብቻ ነው።

የአሜሪካው ቅጂ በ1962 «የመጀመሪያው መንኮራኩር በቬነስ» ተብሎ ወጣ። ከዘጠና ደቂቃ በላይ የነበረው ወደ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ ወረደ። ሂሮሺማ የሚል ቃል ወጣ። ጥላው ግድግዳው ላይ አለ፤ ቃሉ ሲወጣ ግን ዲዳ ሆነ። የመናፍስት ቤት ማስጌጫ መሰለ። ከዚህ ጋር አንድ የሚያስቅም የሚያናድድም የስም ሹም ሽር ተደረገ። ሶቪየቱ አርሴንዬቭ ሃሪንግዌይ የሚባል አሜሪካዊ ሆነ። አሜሪካዊው ሃውሊንግ ኦርሎፍ የሚባል ሩሲያዊ ሆነ። ፖላንዳዊው ሶልቲክ ዱራንድ ተባለ። ፊቱ ያው፣ ከንፈሩ ያው፤ ዜግነቱ ተለዋወጠ። መሪው አሜሪካዊ መሆን ስላለበት ነው!

ይህ ቅጂ በ1990 በአሜሪካ «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» በተባለው፣ ደካማ ፊልም እያሳየ በሚቀልድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። እዚህ ላይ ነው ሳቂዎቹን የምይዛቸው። የሚሳቅበት ነገር የለም አልልም፤ አለ። ግን አንደበቱን የቆረጡበትን ሰው ንግግሩ አይገባም ብሎ መሳቅ ምን ይባላል? ብዙው «ትርጉም አይሰጥም» የተባለለት ነገር መጀመሪያ ትርጉም ነበረው።

፭. ውኃ ውስጥ የታየች ሴት

በፓቬል ክሉሻንትሴቭ «የማዕበል ፕላኔት» ላይ ረጅም አልናገርም። ቬነስ ላይ የወረዱ ሰዎች ጉዞ ነው። ሁለት ትርዒቶች ግን አይታለፉም። አንደኛው ጆን የተባለው ሮቦት ሁለት ሰዎችን ተሸክሞ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሲሻገር ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ራሱን እንዲያድን የተሠራበት ሥርዓት ይነሳና ሸክሙን ሊጥል ይቃጣዋል። ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ይህን ያህል ጥሩ የማሽን ገጸ ባሕርይ በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። በጉዞው ሁሉ ቬነስ ላይ ሰው አለ ወይስ የለም የሚል ጥርጥር ይንገላታል። ሰዎቹ ተነስተው ከሄዱ በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ ኩሬ ውስጥ የአንዲት ሴት መልክ ይታያል። ሴትዮዋን አናያትም፤ ጥላዋን በውኃ ብቻ። ፊልሙ እዚያው ያልቃል።

ኮርማን ይህንንም ገዛ፤ ያውም ሁለት ጊዜ ሠራበት። በ1965 ከርቲስ ሃሪንግተን በራሱ ስም ሳይሆን በብዕር ስም ቆርጦ ለቴሌቪዥን አዘጋጀው፤ በህዋ ላይ የቀረችውን የሶቪየት ጠፈርተኛ ማሻን አውጥቶ በአሜሪካዊት ተዋናይት ተካት። በ1968 ደግሞ ፒተር ቦግዳኖቪች፣ እሱም በሌላ ስም፣ እንደገና ቀጠለው፤ ርእሱም «ጉዞ ወደ ጥንታዊ ሴቶች ፕላኔት» ሆነ። በኩሬ ውስጥ ብቻ የታየችው ሴት እዚህ ላይ ተባዝታ፣ ጡቷን በዛጎል ሸፍና፣ ባሕር ዳር ተጋድማ ትገኛለች። ክሉሻንትሴቭ ያልታየውን እንድናስብ ትቶልን ነበር፤ ቅጂው ማሰብ የሚባለውን ሥራ ከኛ ላይ አነሳልን። በሥነ ጽሑፍ ክፍል ስለ «መግለጽና ማሳየት» ለሚጨቃጨቅ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ፊልሞች የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

፮. የሙታን መርከብ ወራሾች

ከአራቱ ታላቁ «ኢካሪ ኤክስ ቢ 1» ነው። አዘጋጁ ይንድሪክ ፖላክ፣ ጸሐፊዎቹ እሱና ፓቬል ዩራቼክ ናቸው፤ ታሪኩም ከሌላ የሌም ልብ ወለድ የተቀዳ ነው። በ2163 አርባ ሰዎች ወደ አልፋ ሴንታውሪ ይጓዛሉ። በመንኮራኩሩ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ በምድር 15 ዓመት ያልፋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዝድኔክ ሊሽካ የሠራው ሙዚቃ የማሽን ይሁን የሰው እስትንፋስ አይለይም። ሰዎቹ ይበላሉ፣ ስፖርት ይሠራሉ፣ ልደት ያከብራሉ፣ እንግዳ የሆነ ዳንስ ይደንሳሉ። አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ሊቅ ፓትሪክ የሚባል ያረጀ ሮቦቱን እንደ ቤት እንስሳ ይዞ ይዞራል። አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር ናት።

በመንገድ ላይ አንድ ያረጀ መንኮራኩር ያገኛሉ። የተነሳው ከምድር ነው፤ በ1987። ሁለት ሰዎች ሊያዩት ይገባሉ። ውስጡ ያሉት በጌጥ ልብስ፣ በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተቀመጡ ሞተዋል። አየሩ ሊያልቅ ሲል አዛዦቹ ለራሳቸው እንዲተርፋቸው ሌሎቹን በመርዝ ጋዝ ፈጅተዋቸዋል። መንኮራኩሩ የጫነው የኒውክሌር መሣሪያ ነው። መሣሪያው ይፈነዳል፤ ሁለቱ ጎበኞች ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጋር አብረው ይሞታሉ። ከዚህ በኋላ በመንኮራኩሩ ውስጥ ስለዚያ ክፍለ ዘመን ሲነገር ኦሽቪትዝ፣ ኦራዱር፣ ሂሮሺማ በስማቸው ይጠራሉ። ልብ በሉ፤ ፊልሙ በ1963 ለሚኖር ተመልካች «ሬሳዎቹ እናንተ ናችሁ» እያለው ነው። ሆኖም በዚያ ብቻ አያበቃም። እነዚያን የሚቀብሩት ሰዎችም የዚያው የምድር ልጆች ናቸው። ከነፍሰ ገዳይ አያት ደግ የልጅ ልጅ ሊወለድ ይችላል፤ ግን የአያቱን ሬሳ በዓይኑ ካየና ስሙን ከጠራ ነው። በመጨረሻ ሕፃኑ ይወለዳል፤ ደመናው ይገለጣል፤ ከታች ሰው የሰፈረበት ሌላ ዓለም ይታያል።

አሁን የአሜሪካውን ቅጂ እዩ፤ 1964፣ «ጉዞ ወደ ዓለም ዳርቻ»። ይንድሪክ ፖላክ «ጃክ ፖላክ» ተብሏል። ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ተቆርጧል። መጨረሻው ላይ ደመናው ሲገለጥ የሚታየው የኒው ዮርክ ወደብና የነፃነት ሐውልት ነው! ለካስ መንገደኞቹ የሌላ ዓለም ሰዎች ኖረው የደረሱት ምድር ነው። «የዝንጀሮዎች ፕላኔት» ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 ያንኑ ሐውልት ሲያሳየን እንደ ታላቅ ግኝት ተጨበጨበለት።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን መጨረሻ ይወዱታል፤ «ያልተጠበቀ ነው» ይላሉ። ያልተጠበቀ መሆኑን አልክድም። ግን ዋጋው ስንት ነው? መንገደኞቹ የምድር ልጆች ካልሆኑ የሙታኑ መርከብ የአያቶቻቸው መሆኑ ቀረ። በደሉ ወራሽ አጣ። የገዛ ወንጀልን ማየት የነበረው በሌላ ሰው ቤት ሬሳ ማየት ሆነ። አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ በመቀየር የፊልሙ ኅሊና ሙሉ በሙሉ ተነቀለ። መቀሱ ከዚህ የበለጠ ችሎታ አሳይቶ አያውቅም።

፯. ዋናው ቅጂ ቅዱስ አይደለም

እስካሁን የተናገርኩትን ሰምቶ «እንግዲህ ምሥራቁ ጻድቅ፣ ምዕራቡ ኃጥእ ነው» የሚል ካለ ይቆየኝ። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ፊልሞቹ ራሳቸው ጉድለት አለባቸው። በ«ሰማይ ይጠራል» ሰዎች አይነጋገሩም፤ መግለጫ ይሰጣሉ። በ«የማዕበል ፕላኔት» አንዷ ሴት ከላይ ተቀምጣ ልውረድ አልውረድ እያለች ስትጨነቅ ወንዶቹ ከታች ፕላኔት ያገላብጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚከነክነኝ የ«ዝምተኛው ኮከብ» ታሉዋ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1960 ነው፤ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ በወጡበት ዓመት። በዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር ሰው፣ ጁሊየስ ኦንጌዌ፣ በአገልጋይነት ሳይሆን በቴክኒክ ባለሙያነት መንኮራኩር ውስጥ ተቀምጦ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሆሊዉድ መንኮራኩሮች ያኔ ነጮች ብቻ የሚሳፈሩባቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ታሉዋ ብዙ አይናገርም። መንኮራኩሩ ከቬነስ ሲነሳ ሦስት ሰዎች ይቀራሉ፤ ቻይናዊው፣ ጀርመናዊውና ታሉዋ። ታሉዋ በሕይወት እያለ፣ ብቻውን። የተረፉት ምድር ደርሰው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ወንድማማችነቱ ውሸት ነው አልልም። በዚያ የእጅ ሰንሰለት ውስጥ ግን አንድ አፍሪካዊ እጅ የለም፤ ይህን ሳያስተውል የሚያልፍ የኛ ተማሪ ካለ ቁጭ ብሎ ድጋሚ ይየው። ደግሞ አንድ ነገር፤ የአሜሪካው መቀስ የአውሮፓውያኑን ስምና ዜግነት ሲያገላብጥ ታሉዋን አልነካውም። ታሉዋ በሁለቱም ቅጂ ታሉዋ ነው። ጠቡ የማን እንደነበረ ይህም ይናገራል።

ሁለተኛ፣ መቀስ በምሥራቅም ነበረ። «ዝምተኛው ኮከብ»ን የሠራው ሜትሲግ በ1965 ስለ አገሩ ፍርድ ቤቶች «ጥንቸሏ እኔ ነኝ» የተባለ ፊልም ሲሠራ የገዛ መንግሥቱ አገደበት። የ«ኢካሪ» ጸሐፊ ዩራቼክ የሶቪየት ታንክ ፕራግ ከገባ በኋላ የጨረሰው ፊልም ታገደ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም እንዲያዘጋጅ አልተፈቀደለትም። ስለ 2163 የሰው ልጅ መተባበር የጻፈ ሰው በራሱ ዘመን አፉ ተዘጋ። አንዱ ጎራ ፊልሙን ቆረጠ፤ ሌላው ሠሪውን። የትኛው ይሻላል ብሎ መመዘን አያስፈልግም፤ ሁለቱንም በስማቸው መጥራት ይበቃል። መቀስ ምን እንደሆነ ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

፰. ታዲያ ምን እናድርግ?

ዋናዎቹ ቅጂዎች በራሳቸው አልተመለሱም። የአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ጀርመን ፊልሞችን የሚሰበስብ ቤተ መዛግብት አቋቁሞ «ዝምተኛው ኮከብ»ን በሙሉ ርዝመቱ አወጣ። የቼክ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት «ኢካሪ»ን አድሶ በ2016 በካን ፌስቲቫል አሳየ። ሮበርት ስኮታክ የተባለው የሆሊዉድ የምስል ብልሃት ባለሙያ ደግሞ ክሉሻንትሴቭን በሽምግልናው ዘመን ሩሲያ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አገኘው። እንግዲህ ፈላጊዎቹ ከቆራጮቹ አገርም ጭምር ናቸው ማለት ነው።

ፈላጊዎቹን ሳመሰግን አንድ ልማዳቸውን ግን አልወደውም። እነዚህን ፊልሞች ሲያስተዋውቁ ቶሎ የሚሉት «ኩብሪክ ለ2001 ከዚህ ወስዷል» ነው። ይህ ሙገሳ ሳይሆን ሌላ ዓይነት መቁረጥ ይመስለኛል። አንድ ሥራ ዋጋ የሚኖረው አንድ ታላቅ የምዕራብ ሰው ከወሰደበት ብቻ ነው እንዴ? «ኢካሪ» ለኩብሪክ ምንም ባይሰጥ እንኳ ያ የሙታን መርከብ መርከብ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። ከነዚህ ፊልሞች አንዱን ወደ ግቢያችን የሚያመጣ ሰው ካለ ሁለቱንም ቅጂ ያምጣ፤ ዋናውንና የተቆረጠውን። በአንድ ምሽት፣ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ እንይ። ቁም ነገረኛው ይምጣ፤ ሳቂውም ይምጣ፤ ይሳቅ፤ ክሩ በእርግጥ ይታያል። ከዚያ ወረቀት ይዘን የወጣውን ቃል፣ የተለወጠውን ስም፣ የተጨመረውን ምስል እንዘርዝር። ዝርዝሩ ራሱ ሂስ ነው። የውጭ ድርሰት በትርጉም፣ የውጭ ፊልም በቅጂ ለሚደርሰን ለእኛ ይህ ልምምድ ከፊልም ያለፈ ጥቅም አለው።

የቆዩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ስለ መጪው ዘመን ይናገሩና መጪው ዘመናቸው ሳያስቡት ያልፋል። የሙታኑ መርከብ ከምድር ተነሳ የተባለበት 1987 አልፏል፤ እንዲያ ያለ መርከብ አልተነሳም። መርዝ ጋዙና ኒውክሌሩ ግን እዚሁ ምድር ላይ አሉ። 2163 ገና ነው። እነዚያ አርባ ሰዎች ይወለዱ አይወለዱ ፊልሙ አይነግረንም፤ የሚነግረን ከተወለዱ ስለ እኛ ምን እንደሚሉ ነው። ያን ነው የቆረጡት።